100 ዋት ገዝቶ 1 ዋት ማዳመጥ

ባለፈው ክረምት ዲላ አጎቴ ቤት ስገባ ሳሎኑ ውስጥ ሸክላ እየዞረ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ቡናው ቀርቧል፣ የአጎቴ ፊት ግን አልተፈታም። «አንተ ኢንጂነር፣ ና እስቲ ስማልኝ» አሉኝ። «ሙላቱ ቫይብራፎኑን ብርድ ልብስ አልብሶ ነው እንዴ የሚመታው?»

ቁጭ ብዬ ሰማሁ። እውነታቸውን ነው። ጥርት ብሎ መውጣት የነበረበት የቫይብራፎን ምት ታፍኗል፤ የከበሮው ጸናጽል ከነጭራሹ የለም፤ ከስር ደግሞ እንደ ንብ ቀፎ «ሁምምም» የሚል ነገር አለ። ቀስ ብሎ በሚጠፋው የእያንዳንዱ ድምፅ ጭራ ላይ የሆነ ሻካራ ነገር ይሰማል፤ ደረቅ ቅጠል እንደመርገጥ ያለ።

«ጆሮዬ ነው መሰለኝ ያረጀው» አሉ ጋሼ። «ካልሰማሁት ምን ያደርግልኛል? ሸክላዎቹን ለሚሰማ ሰው ልስጣቸው እያልኩ ነው።» ይህን ሲሉ እየቀለዱ አልነበረም። ከሸክላዎቹ አንዳንዶቹ ከወጣትነታቸው ጀምሮ አብረዋቸው የኖሩ ናቸው። አዲሱን ደግሞ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ያመጣላቸው ነው።

እንግዲህ ሦስት ተጠርጣሪ አለን ማለት ነው። ጆሮው፣ ሸክላው ወይም አምፕሊፋየሩ። ምህንድስና ሲያስተምሩን መጀመሪያ የነገሩን ነገር መፍቻ ከማንሳትህ በፊት ተጠርጣሪ ቀንስ የሚል ነበር። (እኔ መጀመሪያ ያደረግኩት መፍቻ ማንሳት ነው። እሱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።)

ከጆሮ እንጀምር። ጤነኛ ወጣት ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ድረስ ይሰማል። ኸርዝ ማለት በሴኮንድ ስንት ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው። ዕድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚሸሸን የላይኛው ጫፍ ነው፤ 15,000ው፣ ከዚያ 12,000ው እያለ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ታዲያ የቫይብራፎን ድምፅ የት ነው ያለው? ቫይብራፎን በተርታ የተደረደሩ የአልሙኒየም ዘንጎች ናቸው፤ ከያንዳንዱ ዘንግ ስር ድምፁን የሚያጎላ ቱቦ ተንጠልጥሏል። የተለመደው ባለ ሦስት ኦክታቭ ቫይብራፎን ወፍራሙ ዘንግ 175 ኸርዝ ገደማ፣ ቀጭኑ ደግሞ 1,400 ኸርዝ ገደማ ይሰጣል። ዘንጎቹ ሲሠሩ ከዋናው ድምፅ አራት እጥፍ የሆነ ሌላ ድምፅም አብሮ እንዲወጣ ተደርገው ስለሚሞረዱ፣ ከቀጭኑ ዘንግ 5,600 ኸርዝ የሚደርስ ድምፅ ይወጣል። ይህ ሁሉ የአንድ አዛውንት ጆሮ ከሚተወው መስመር በታች ነው።

ሙከራውም ቀላል ነበር። ያንኑ ዜማ በስልኬ ከፍቼ ጆሮ ማዳመጫውን ሰጠኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩና «ይኸው ነው እንጂ!» አሉ። ጆሮው ነጻ ወጣ።

ሸክላውም በጣም የሚያስጠረጥር አልነበረም። እየዞረ የነበረው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ኒው ዮርክ ውስጥ ተቀርጾ ወርዚ በተባለ አሳታሚ የወጣ፣ በ2017 ደግሞ በድጋሚ የታተመ አልበም። የጋሼ ቅጂ አዲሱ ነው፤ ጭረት የለበትም። ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 ጅማ ተወልደው፣ ለትምህርት ወደ ዌልስ ሲላኩ የታሰበላቸው ምህንድስና ነበር። እሳቸው ግን ወደ ሙዚቃ ዞሩ፤ ከዌልስ ለንደን፣ ከለንደን ቦስተን ሄደው በርክሊ የተማሩ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆኑ። ኢንጂነሪንግ የጠበባችሁ ልጆች ካላችሁ መረጃ ትሁናችሁ፤ እኔ ግን ምንም አላልኩም።

እዚህ ደቡብ ላለን ሰዎች ልብ የሚነካ ነገርም አለ። ሙላቱ በተለያዩ ቃለ መጠይቆች ስለ ደራሼ የቀርከሃ ዋሽንቶች ደጋግመው ያነሳሉ። ደራሼ ከጌዴኦ ጋር ዛሬ በአንድ ክልል ውስጥ ያለ ሕዝብ ነው። በርካታ ሰዎች የተለያየ ርዝመት ያላቸው ቱቦዎች ይይዛሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ በተራው ይነፋል፣ ከሁሉም ተገጣጥሞ ዜማ ይወጣል። ሙላቱ እንደሚሉት፣ ዓለም በእነ ቻርሊ ፓርከርና በእነ ደቡሲ የሚያውቀው ዲሚኒሽድ የሚባለው ስኬል እነዚህ ሰዎች ዘንድ ከጥንትም ነበር። ጋሼ ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ጃዝ ከአሜሪካ መጣ ያለው ማነው?» አሉ። ክርክሩን ለሌላ ቀን አቆየነው።

ከሸክላዎቹ መሃል ትንንሾቹ፣ ባለ 45 ዙሮቹ፣ ሌላ ታሪክ አላቸው። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲጀምሩ ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት እጅ፣ በሀገር ፍቅር ቲያትር ነበር። አምሃ ደፍረው የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጡ። አገር ቤት ማተሚያ ስላልነበረ ሥራው ውጭ አገር እየታተመ ነበር የሚገባው። በ1975 ከአገር እስኪወጡ ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችና ደርዘን ያህል አልበሞች አሳተሙ። ከነዚህ አንዱ የ1974ቱ የሙላቱ «የካቲት፦ ኢትዮ ጃዝ» ነው። እነዚህ ሸክላዎች ቁጥራቸው የማይጨምር ነገር ናቸው። የተሰበረው ተሰብሯል፣ የቀረው የቀረው ነው። በደንብ የማይሰማ አምፕሊፋየር እንዲህ ያለ ሸክላ ከቤት ሊያስወጣ ሲል ነገሩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይሆንም።

ስለዚህ የቀረው ተጠርጣሪ ማጫወቻውና አምፕሊፋየሩ ነው። አሁን ስለ መፍቻው ልናገር።

ጋሼ «ጉልበት ጨምርለት» ስላሉኝ ሳላስብ ገበያ ሄጄ «100 ዋት» የሚል የተጻፈበት የመዳፍ ስፋት ያላት የአምፕሊፋየር ሰሌዳ ገዛሁ። የማጫወቻውን ገመድ ከአሮጌው አምፕ ነቅዬ ሰሌዳው ላይ ሰካሁት። የወጣው ድምፅ… እንዴት ልበላችሁ፣ ጣሳ ውስጥ የገባች ዝንብ ነበር የሚመስለው። ቀጭን፣ ሩቅ፣ ጩኸታም። ቤዙ የለም። ቮልዩሙን እስከ ጥግ ባዞረውም አልጠገበም። ጋሼ በትህትና «ያው የበፊቱ አይሻልም?» አሉኝ። በዚያች ቀን ኢንጂነር መባሌ ትንሽ ከበደኝ።

ሁለት ስህተት ሠርቼ ነበር፤ ሁለቱም ማወቅ የሚጠቅሙ ናቸው።

የመጀመሪያው ከሸክላው ጋር የተያያዘ ነው። ሸክላ ላይ ከዳር እስከ መሃል የሚጠማዘዝ አንድ ረጅም ቦይ አለ፤ ስፋቱ 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ከጸጉር ቢቀጥን እንጂ አይወፍርም። የቦዩ ግድግዳ ሙዚቃው እንደተርገበገበ ተወላግዶ ተቆርጧል። መርፌዋ በውስጡ ስትሄድ ግድግዳው ያወዛውዛታል፤ እሷ ደግሞ ጭራዋ ላይ ያለችውን ትንሽ ማግኔት በሽቦ ጥቅልሎች መሃል ታወዛውዛለች፤ ከዚያ ኤሌክትሪክ ይወለዳል። ግልገል ጊቤ ላይ ተርባይኑ የሚያደርገውን ነገር ማለት ነው፤ የሚወጣው ግን 4 ሚሊቮልት ገደማ ነው። የሰዓት ባትሪ 1.5 ቮልት ነው፤ 4 ሚሊቮልት ከዚያ ወደ 400 ጊዜ ገደማ ያንሳል። ስልካችሁ ወይም ቴሌቪዥናችሁ የሚያወጣው ድምፅ ከዚህ በመቶ እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ያቺ ሰሌዳ የተሠራችው ለስልክ ነው፤ ለመርፌ አይደለም። ስለዚህ ነው ሩቅ የሆነው።

ቀጭን የሆነው ግን ለምንድን ነው? ምን መሰላችሁ፣ ሸክላ ላይ ያለው ሙዚቃ እኛ የምንሰማው ሙዚቃ አይደለም። ሆን ተብሎ የተዛባ ነው። ወፍራም ድምፅ እንዳለ ቢቆረጥ ቦዩ በጣም ይወላገዳል፤ ጎን ለጎን ያሉት ቦዮች ይነካካሉ፣ አንድ ገጽ ላይ የሚገባው ሙዚቃም ያንሳል። ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ እንዳለ ቢቆረጥ በመርፌውና በፕላስቲኩ ፍትጊያ «ሽሽሽ» ውስጥ ይሰጥማል። ስለዚህ ሲቆረጥ ቤዙን ይቀንሱታል፣ ቀጭኑን ያሳድጉታል። ሲጫወት ደግሞ አምፕሊፋየሩ በተቃራኒው ይመልሰዋል። በፊት ሁሉም ኩባንያ በራሱ ልክ ይቆርጥ ነበር፤ በ1954 የአሜሪካ የሸክላ አሳታሚዎች ማኅበር አንድ ልክ ወሰነና ዓለም ተከተለው። በዚያ ልክ መሠረት 20 ኸርዝ ላይ ያለው ድምፅ ከ1,000ው አንጻር አሥር እጥፍ ያህል ማደግ፣ 20,000 ኸርዝ ላይ ያለው ደግሞ ወደ አንድ አሥረኛ መውረድ አለበት። ይህን የሚሠራው ክፍል ፎኖ ይባላል። በድሮ አምፖች ጀርባ «ፎኖ» የሚል ቀዳዳ ያለው ለዚህ ነው። የጋሼ አሮጌ አምፕ ፎኖ ነበረው። እኔ አዲስ አመጣሁ ብዬ እሱን ዘለልኩት። ጣሳ ውስጥ ያለችው ዝንብ ያልተፈታ ሙዚቃ ነበረች።

ሁለተኛው ስህተት ዋቱን ማመኔ ነው። ሰሌዳዋ አብሯት የመጣው የኃይል አቅርቦት 12 ቮልት፣ 2 አምፔር ይላል። 12 ሲባዛ በ2፣ 24 ዋት። ከ24 ዋት 100 ዋት የምታወጣ ሰሌዳ ካለችማ ግድብ ለምን እንገነባለን፣ እሷን ደርድረን አገር እናበራ ነበር። እናንተም ገበያ ላይ «500 ዋት» «1,000 ዋት» የሚል ስታዩ መጀመሪያ የኃይል አቅርቦቱን ጀርባ አንብቡ። ከዚያ ቁጥር በላይ ያለማቋረጥ ሊወጣ አይችልም፤ እንዲያውም ሲሶው፣ ግማሹ ወደ ሙቀት ይሄዳል።

ደግሞስ 100 ዋት ምን ያደርጋል? የጋሼ ዓይነት የቤት ስፒከር 1 ዋት ሲሰጠው አንድ ሜትር ርቀት ላይ 87 ዴሲቤል ገደማ ያወጣል። ይህ ፊት ለፊት ተቀምጦ ለሚያወራ ሰው የሚያስጮህ ነው። ጃዝ ሶፋ ላይ ሆኖ ሲደመጥ አማካዩ ከ1 ዋት በታች ነው፤ ብዙ ጊዜ ግማሹም አይደርስም። ጆሯችን ደግሞ ነገሩን በቀጥታ አይደምርም፤ ድምፁ እጥፍ የሆነ እንዲመስለን ኃይሉ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። ከ10 ዋት ወደ 100 ዋት የሄደ ሰው ከፍሎ ያገኘው «እጥፍ» ብቻ ነው። ትርፉ ዋት የሚያስፈልገው ለቅጽበት ነው። ከበሮ ሲመታ ወይም የቫይብራፎን ዱላ ዘንጉን ሲነካ፣ ለአንድ አፍታ ከአማካዩ ሃያ ሠላሳ እጥፍ የሚሆን ኃይል ይጠየቃል። 0.3 ዋት ሲባዛ በ30፣ 9 ዋት። ስለዚህ እውነተኛ 20 ዋት ላለው አምፕ የጋሼ ሳሎን አይከብደውም። የእሳቸው አሮጌ አምፕ ደግሞ 20 ዋት ነው። ቁም ነገሩ ያለው በመጀመሪያዋ 1 ዋት ውስጥ ነው፤ የሚታመመውም እዚያው ነው።

እናም ወደ አሮጌው ተመለስኩ። ክዳኑን ከመክፈቴ በፊት ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን አምፕ ውስጥ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ፤ በ220 ቮልት ላይ ያለው ክፍል ደግሞ ይገድላል። ልምድ ያለው ሰው አጠገባችሁ ሳይኖር አትክፈቱ። የዲላ የሬድዮና የቴሌቪዥን ጠጋኞች ከኔ የተሻለ ያውቁታል፤ እኔ ራሴ መበየጃ የያዝኩት ከአንዳቸው ሱቅ በር ላይ ቆሜ ነው።

ውስጡ አቧራ፣ የሸረሪት ድርና ሁለት ሲሊንደር የሚያህሉ ካፓሲተሮች ነበሩ። የካፓሲተርን ሥራ ዲላ ላደገ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው፤ ሮቶ ነው። ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ሮቶው ይሞላል፣ ቤቱ ግን ሳይቋረጥ ይጠቀማል። የመብራት ኃይላችን በሴኮንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚገላበጥ ነው። አምፑ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚፈልግ የተገለበጠውን ግማሽ መልሶ ያቃናዋል፤ ያኔ በሴኮንድ 100 ጉብታ ይሆናል። በሁለት ጉብታ መሃል ያለውን ጎድጓዳ የሚሞላው ሮቶው፣ ማለትም ካፓሲተሩ ነው። ካፓሲተሩ ላይ 2,200 ማይክሮፋራድ ይላል። ስንለካው 700 ገደማ ቀርቶታል። ውስጡ ያለው ፈሳሽ በዓመታት ደርቋል። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል የሚባል የተለመደ ስሌት አለ፤ ጋሼ ደግሞ አምፑ ላይ የጠረጴዛ ልብስ አልብሰው፣ በላዩ አበባ አስቀምጠው ነበር። አየር ማስገቢያው ከነአካቴው ተዘግቷል።

ስሌቱን እናስላው። 1 አምፔር ከሮቶው እየተቀዳ ለ100ኛ ሴኮንድ ምንም ባይገባ፣ 2,200 ማይክሮፋራዱ 4.5 ቮልት ገደማ ይወርዳል። 700 ማይክሮፋራዱ ግን 14 ቮልት። አምፑ በ25 ቮልት ነው የሚሠራው፤ ግማሹን አጣ ማለት ነው። ያ ውጣ ውረድ በሴኮንድ 100 ጊዜ ስለሚደጋገም ነው «ሁምምም» የሚለው። በ4,700 ማይክሮፋራድ ቀየርኳቸው። የሁለቱ ዋጋ ያቺ የ100 ዋት ሰሌዳ ከበላችው ገንዘብ በጣም ያንሳል።

ሁምታው ቀነሰ፤ አልጠፋም። የቀረው ወፍራም ነው፤ ከበፊቱም ይወፍራል። 50 ኸርዝ። ይህ ከካፓሲተር አይመጣም። ፎኖው ቤዙን ያሳድጋል ብያችሁ የለ? 50 ኸርዝን ከ1,000ው አንጻር ሰባት እጥፍ ገደማ ያሳድገዋል። ስለዚህ ከግድግዳ ሽቦ ሾልኮ የማጫወቻው ገመድ ላይ የሚያርፍ ትንሽ ነገር እንኳ ሙዚቃ ሆኖ ቁጭ ይላል። የማጫወቻውን ጀርባ ስፈትሽ አንዲት ቀጭን አረንጓዴ ሽቦ የትም ሳትገናኝ ተንጠልጥላለች። ግራውንድ ናት። ቤት ሲጸዳ ተፈታ ይሆናል፣ ማን ያውቃል። አምፑ ጀርባ ካለው ቡሎን ጋር አሰርኳት፤ ጸጥ አለ። ጋሼ ከኩሽና ብቅ ብለው «ጠፋ እንዴ?» ብለው ጠየቁ። እኔ መብራት መስሏቸው ነበር ብዬ ሳስብ፣ ሁምታውን ማለታቸው ነው።

አሁን ወደ ደረቅ ቅጠሉ እንምጣ፤ እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄኛው ነው። አብዛኛው አምፕ በመጨረሻ ደረጃው ላይ በሁለት ትራንዚስተሮች ነው የሚሠራው። አንዱ የድምፁን ሞገድ የላይኛውን ግማሽ፣ ሌላው የታችኛውን። ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ እየተፈራረቁ ሲወቅጡ አይታችሁ ከሆነ እንደዚያ ነው። ችግሩ ትራንዚስተር እስከ 0.6 ቮልት ገደማ ካልደረሰው አይነቃም። አንደኛው ዘነዘናውን ካነሳ በኋላ ሌላኛው እስኪነቃ ባዶ ጊዜ ይፈጠራል። ሙዚቃው ጮክ ሲል ያቺ ክፍተት አትታወቅም፤ ሞገዱ ትልቅ ነው። ሙዚቃው ሲለሰልስ ግን ሞገዱ ራሱ የክፍተቷን ያህል ይሆናል። ቫይብራፎን ደግሞ ፔዳሉ ሲረገጥ ለበርካታ ሴኮንዶች እየቀጠነ፣ እየቀጠነ የሚሄድ መሣሪያ ነው። ጭራው በሙሉ የሚያልፈው በዚያች ክፍተት ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ዘመናዊ ዘፈን ሲከፈት ደህና የነበረው አምፕ በሙላቱ የተጋለጠው።

መድኃኒቱ ሁለቱንም ትራንዚስተሮች ሥራ ባይኖራቸውም በትንሽ ጅረት ግማሽ ንቁ ማድረግ ነው፤ ባያስ ይባላል። ለዚህ የተሠራች ትንሽ በመፍቻ የምትዞር ነገር ሰሌዳው ላይ አለች። በዓመታት ዝጋ ልኳን ስታለች። ቀየርናትና በቴስተር እያየን ቀስ ብለን ወደ ጥቂት አሥር ሚሊአምፔር አመጣነው። መቻኮል አይገባም። ትራንዚስተር ሲሞቅ የበለጠ ያስተላልፋል፣ የበለጠ ሲያስተላልፍ የበለጠ ይሞቃል፤ ከለቀቃችሁት ራሱን ያቃጥላል። እያንዳንዷን ማስተካከያ ሠርተን ቡና እስኪፈላ እንጠብቅ ነበር። ዲላ ውስጥ ይህ ቅጣት አይደለም።

ብርድ ልብሱስ? እሱ የአምፑ ጥፋት እንኳን አልነበረም። ሁሉን ጨርሼ ድምፁ አሁንም ታፍኖ ሲሰማኝ ጆሮዬን ከስፒከሩ አስጠጋሁ። ትልቁ ክብ ይሠራል። ትንሿ፣ ቀጭን ድምፅ የምታወጣው፣ በአንዱ ሳጥን ጭጭ፣ በሌላው ደግሞ ትተነፍሳለች ለማለት ብቻ። ወደ ትንሿ የሚሄደው ድምፅ የሚያልፈው በአንዲት የጣት ጫፍ በምታህል ካፓሲተር ነው፤ ወፍራሙ እንዳይገባና እንዳያቃጥላት ትጠብቃለች። እሷም ደርቃለች። የቫይብራፎኑ ዋና ድምፅ ከ1,400 ኸርዝ ስለማያልፍ በትልቁ ስፒከር ይሰማል፤ የዱላው ንክኪ፣ የዘንጉ ማብረቅረቅና ጸናጽሉ ግን ትንሿን ይፈልጋሉ። ብርድ ልብሱ ይኼ ነበር። ሁለት ትንንሽ ካፓሲተር፣ አምስት ደቂቃ ብየዳ።

ከዚህ በኋላ አንድ ጓደኛዬ «ገመዱንስ? ውድ ገመድ ካልሆነ ልፋትህ ከንቱ ነው» ብሎ ከአዲስ አበባ ወፍራም የስፒከር ገመድ ይዞ መጣ። የአምፑ ፈተና ካለፈ እሱንም እንፈትን አልን። ጋሼ መጋረጃውን ፊት ለፊታቸው አድርገው ተቀመጡ፤ እኔ ሳንቲም እየወረወርኩ አንዴ ውዱን፣ አንዴ ከገበያ የገዛሁትን የመብራት ሽቦ ሰካሁ። የሁለቱን ድምፅ መጠን በቴስተር እኩል አድርጌያለሁ፤ ይህ ካልተደረገ ጆሮ ትንሽ ጮክ ያለውን «የተሻለ ጥራት» ይለዋል፣ ሻጮችም ያውቁታል። ከ16 ሙከራ 9 አገኙ። ዝም ብሎ የሚገምት ሰው 9 ወይም ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ 40 በመቶ ነው። 12 ቢያገኙ ኖሮ 4 በመቶ ገደማ ስለሆነ ቆም ብለን እናስብ ነበር። ጓደኛዬ ገመዱን ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ፤ አልተኳረፍንም።

አንድ ያልተፈታ ነገር ቀረ። ጋሼ «ማታ ማታ ይብስበታል» ይሉ ነበር። ለካ እውነት ነው። ወደ 1 ሰዓት ገደማ ሰፈሩ በሙሉ ምጣድ ይሰካል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ነው። ከትራንስፎርመሩ እስከ ቤቱ ያለው ሽቦ 1 ኦም ቢኖረው፣ አንድ ምጣድ ብቻ 16 ቮልት ይበላል። አንድ ማታ ስለካው ሶኬቱ ላይ 180 ቮልት ነበር። ቮልቴጁ ወደ 82 በመቶ ሲወርድ የአምፑ ከፍተኛ ኃይል በካሬው፣ ወደ 67 በመቶ ይወርዳል፤ 20 ዋቱ 13 ይሆናል። ከበሮው ጠንከር ሲል ጫፉ ይቆረጣል።

የሚያስገርመው ዜማው አይወርድም። የጋሼ ማጫወቻ ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከቮልቴጁ ሳይሆን ከ50 ኸርዙ ነው፤ መብራቱ ቢደበዝዝም ሸክላው በደቂቃ 33 ከሲሶውን ይዞራል። በዚያው ምክንያት ከአሜሪካ እንዲህ ዓይነት ማጫወቻ የምታስመጡ ተጠንቀቁ። እዚያ 60 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር 220ውን ወደ 110 ይቀይርላችኋል፣ ኸርዙን ግን አይነካም። ሸክላው ወደ 28 ዙር ይወርዳል፤ የ3 ደቂቃው ዘፈን 3 ደቂቃ ከ36 ሴኮንድ ይፈጃል፣ ቅኝቱም ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ወርዶ ወንዱም ሴቷም በጉንፋን የያዛቸው ይመስላሉ።

ለምጣዱ ስታብላይዘር እንግዛ ብዬ ነበር፤ ጋሼ አልፈለጉም። አበባውን ከአምፑ ላይ አንስተው መስኮት ላይ አስቀመጡና ሸክላውን ገልብጠው መርፌዋን አሳረፉ። ቫይብራፎኑ ገባ። ጸናጽሉ ከወደ ግራ ሲመጣ ቀና አሉ። ከዚያ አምፖሉ ትንሽ ደበዘዘ። እጃቸውን ዘርግተው ቮልዩሙን በጣም ጥቂት ዝቅ አደረጉት።

«የጎረቤታችን ምጣድ ተሰካ» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።